የዘጠኝ ቁጥር አልጋ ወንዝ

ዝናቡ ሳያንኳኳ መጣ፣
መብራታችንን ይዞ ወጣ፤
የቆርቆሮው ጩኸት የሰው ድምፅ ዋጠ፣
የነዚፍ ጩኸት ግን ከቆርቆሮው በለጠ፦
«አዌቱን ሆዴ ውስጥ ገደቡት! ልቀቁት!
ቢሻን! ቢሻን!»

አዲሱ ረዳት፣ ከደብረ ታቦር የመጣው ልጅ፣
ቃሏን ገበያ ላይ ለምዷታል፤
«ውሃ ነው የሚለው» አለና
በላስቲክ ኩባያ ቀድቶ አጠጣው።
አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።
ነዚፍ ጠጣ። እያለቀሰ ጠጣ።
እኔም ቆሜ አየሁ፤ «ጎበዝ፣ ፈሳሽ ይውሰድ» አልኩ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር፣ ካወራሁ ላይቀር፤
ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በዚሁ በራሴ እጅ፣
ካርዱ ላይ እንዲህ ብዬ ነበር፦
«ሆዴ ውስጥ ወንዝ አለ ይላል። ቅዠት።»
ከዚያ ፊርማ።
ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ እጅ
አራት ነጥብ ለመጣል ምን ያህል እንደሚቀለው!

ተረኛው ሐኪም በስልክ «መርፌ ጨምሪለት» አለ፤
ልጅ ነው፣ ደክሞታል፣ ድምፁ ውስጥ ትራስ ይሰማል።
መድኃኒቱን ሳብኩ። አየሩን አስወጣሁ።
በስልኬ መብራት ወደ አልጋው ጎንበስ ስል
እግሬ ፖፖውን መታው፤
እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ።
ደረቅ።
ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ።

ቆምኩ። መርፌው በአንድ እጄ፣ በሌላው ምንም።
ክሎርፕሮማዚን ከአርቴን ጋር፣ ሳምንቱን ሙሉ፤
ጎንዮሹን ለተማሪ በቃሌ የማስቆጥር እኔ፦
አፍ ያደርቃል፣
ዓይን ያደበዝዛል፣
ሽንት...
ሽንት።

ነዚፍ አናጢ ነው፤ ባለ ሦስት እግር በርጩማ
ከአንድ ግንድ የሚፈለፍል።
ሰኞ ዕለት፣ ደህና በነበረበት ሰዓት፣
የጠረጴዛዬን እግር በጣቱ መታ መታ አድርጎ
«ሲስተር፣ እርጥብ እንጨት ሲያንኳኩት ድፍን ነው፤
ደረቁ ግን ይመልስልሻል» ብሎኝ ነበር።

«ነዚፍ፣ ልንካህ?»
በዚያ ሌሊት ማንም አልጠየቀውም ነበር።
ጩኸቱን አቆመ። ሸሚዙን ራሱ ገለጠ።
ጣቴን በጣቴ ላይ አድርጌ
ከእምብርቱ በታች አንኳኳሁ፤
ድፍን።
እርጥብ እንጨት።

መርፌውን ትሪው ላይ መልሼ ደወልኩ፦
«ካቴተር ላስገባለት ነው።»
ዝም አለ። «እርግጠኛ ነሽ?»
«አንኳኩቼዋለሁ።»
«አስገቢ፤ መጣሁ» አለ። አሁን ነቅቷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን መጋረጃው ይሸፍነው።
ከረጢቱ ብቻ ሞላ፤ ያዝ እያደረግሁ፣ ለቀቅ እያደረግሁ፣
አንድ ሊትር ተኩል ሊጠጋ።
ነዚፍ ጨለማውን ጣሪያ እያየ፣ በለሆሳስ፦
«ሄደ። ወደ ጊቤ ሄደ።»
ሳቄ አመለጠኝ፤
ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነና
ወደ እጅ መታጠቢያው ዞርኩ።

አልዳነም፤ እንዳትሳሳቱ።
ጠዋት እህቱ ሲቲና ስትመጣ
ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር
ስሙን እየጠራ እንደሚሰድበው ነገራት።
እሱንም ጻፍኩት፣ በገዛ ቃሉ፤
አራት ነጥቡን ግን አዘገየሁት።

የማታዋን «ቅዠት» በአንድ መስመር ሰረዝኳት፤
ደንቡ እንዲህ ነው፦ አንድ መስመር፣ ቀን፣ ፊርማ፤
ስህተቱ ከሥር መነበብ አለበት።
ከጎኗ፦ «ሽንት ታግዶ ነበር። ታማሚው ተናግሮ ነበር።»

ረዳቱ ልጅ በሩ ላይ ተገትሮ
«ሲስተር፣ ያጠጣሁት እኮ እኔ...» አለ።
«እኔም ቆሜ አይቻለሁ» አልኩት።
ኩባያውን አብረን አጠብን። የቀን ተረኞች ገቡ።
ከመውጣቴ በፊት ፖፖውን ከአልጋው ሥር በእግሬ ስቤ
ሰው የሚያደናቅፍበት ቦታ አኖርኩት።