ሠላሳ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ አፉላ ሆስፒታል፤
የአምስተኛው ፎቅ መብራት እኩሌታው ጠፍቷል።
ባልዲዬን ሞልቼ፣ ክሎሪን ጨምሬ፣
ቀኝ ጆሮዬን ለነርሶች ጥሪ ትቼ
በግራው ሰውዬውን አስገባሁት፣ እንደ ትናንቱ፣ ዛሬ።

ያነባል። አይቸኩልም። ገጽ ሲገልጥ ይሰማል።
አንዳንዴ ውሃ ይጎነጫል፤
"ምዕራፍ ሃያ ሁለት" ይልና ትንፋሹን ይሰበስባል፤
እኔም መወልወያዬን ይዤ እቆማለሁ፣
ዳኛው በሯን ያንኳኳ እንደሆን አብሬው እሰማለሁ።

አማርኛዬ የጆሮ ነው፤ ዓይኔ አያውቀውም።
ሀ ሁ ሳልቆጥር መጣሁ፤ እዚህም ያስቆጠረኝ የለም።
በአሌፍ ቤት ደረሰኝ አነባለሁ፣ የመድኃኒት ስም፣ የአውቶቡስ ሰዓት፤
መጽሐፍ ግን፣ መጽሐፍ የሚያህል መጽሐፍ፣
በሰው ጉሮሮ ካልሆነ አልገባ አለኝ ከቤት።

ዳኛው የሞተው በልብ ክፍል ኮሪደር ነው፣
ከአሳንሰሩ በስተግራ፣ ሦስተኛው ንጣፍ ላይ።
መጽሐፉ ውስጥ በክረምት ነው፣ ጭቃ ላይ፣
በቅሎዋ ብቻ ስታይ።
ከዚያ ወዲህ እዚያች ንጣፍ ስደርስ
እጄ በራሱ ይለዝባል፤
ሐኪሞቹ ይረግጧታል፣ ምን ያውቃሉ፣
ሰው ተኝቶባታል።

ወንዝ የሚሞላበት ምዕራፍ አለ፤
ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ወንዝ ብቻ።
የሚናገር የለ፣ የሚሻገር የለ።
ሁለት መጸዳጃ ቤት፣ የደረጃውን መደገፊያ፣
የጠያቂዎችን የሱፍ ልጣጭ ከየወንበሩ ሥር ጠርጌ ጨረስኩ፤
ውሃው ገና ይጨምር ነበር።

ልጄ ሊአት "እማ፣ ያጠረው አለ" ትለኛለች፤
"አራት ሰዓት ብቻ፤ ታሪኩ ያው ነው" ትላለች።
ማን ነው ያሳጠረው? ማንን ጠይቆ?
ወንዙንስ የት ደፋው?

እኔ አትጠገብ ነበርኩ፤ አባቴ ነው ያወጣልኝ።
የመቀበያ ጣቢያዋ ጸሐፊ "ረጅም ነው" ብላ
ከመሃል ቆርጣ "ጋቢ" አለችኝ።
እናቴ ያን ቀን ሳቀች፤
"ልጄን ልብስ አደረጓት" አለች።
ሠላሳ ዓመት በዚያ ልብስ ተጠራሁ፤ ይሞቃል፣ አልዋሽም፤
ያጠረ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አልወድም።

ሉድሚላ የምታጸዳው ስድስተኛውን ነው።
የእሷ መጽሐፍ በሩሲያኛ፣ አርባ አራት ሰዓት ነው።
አሳንሰር ውስጥ ስንገናኝ፣ ሁለታችንም በኮልታፋ ዕብራይስጥ፦
"ያንቺው ሞተ?"
"ሞተ። ያንቺውስ?"
"ደብዳቤውን አልላከም! አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ጽፎ፣ አልላከም፣ አህያ!"
በሩ ይከፈታል፤
እሷ ወደ መኮንኗ፣
እኔ ወደ በቅሎዋ።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል አለቀ፤
ሠላሳ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል።
በጊቫት ሃሞሬ በኩል ሰማዩ ሊቀላ ይል ነበር።
"ተፈጸመ" አለ ሰውዬው።
መወልወያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ቆየሁ፤
ማጥፊያውን ሳልነካ።
ወንበር ሲጢጥ አለ፤ ሰው ተነሳ፤
ቁልፍ መሰለኝ፣ ከጠረጴዛ ላይ አነሳ፤
እሱም ፈረቃ ነበረበት ለካ።

ባልዲዬን ደፋሁ።