ኅዳግ

ነይ ዶይና፣ ጠጋ በይ፣ ዝናቡ እስኪያባራ፤
የጋዜጦቹን ጠባይ አንድ ባንድ ላውራ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ በዚህ አረንጓዴ ሣጥን፣
ጋምቤታ አደባባይ ላይ፣ ወረቀት ስመዝን።

ይህ ኩሩው ለ ሞንድ ነው፣ ለጊዜው ይቆይሽ፤
ከቀትር በኋላ ይመጣል፣ የነገን ቀን ለጥፎ በግንባሩ፤
ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፤ ነጥቡ ጋ ሳትደርሺ ይሄዳል ባቡሩ።

ለ ፊጋሮን የሚገዙት ጓንታቸውን ሳያወልቁ ይከፍላሉ፤
ሆዱን ሲገልጡት የገንዘቡን ገጽ፣ ሳልሞን መስሎ ቀልቶ ያያሉ።
ከሊቤራሲዮን አታጎራብቺው፤ «ሌሊቱን ሲነታረኩ ያድራሉ»
ይል ነበር አንሴልም፣ ባሌ፤
ነፍስ ይማር፤ እሱ የሚያነበው ግን ሌኪፕን ብቻ ነበር፣
ቡድኑ የተሸነፈ ለታ አጥፎ የሚደብቀው ከወንበር ሥር።

ረቡዕ ዳክዬው ይመጣል፣ በሰንሰለት የታሰረው፣
ስምንት ገጽ ነው ጠቅላላው፣ ማስታወቂያ የማይቀበለው፤
ቀልዱ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙን ስታላምጪ ወርቁ ያመልጥሻል፤
አይዞሽ፤ ሥጋ ሻጩ ቴዎፊል እንኳ፣ እዚሁ ተወልዶ፣ ሳይገባው ይስቃል።

መጽሔቶቹ? እነዚያ በመቆንጠጫ እንደ ልብስ የተሰጡት፣
በሰኔ «ሆድሽን ቀንሺ» ብለው፣ በታኅሣሥ ዝይ የሚያስጠብሱት፤
ሸጫቸዋለሁ እንጂ አልታዘዝኳቸውም።

አንቺ በለ ፓሪዚያን ጀምሪ፤ ቃሉ አጭር ነው፣ ወሬው የሰፈር፤
የጠፋች ድመት፣ የቆመ ሊፍት፣ የተዘጋ የባቡር መስመር።
አንድ ቀን የምታጸጂውን ሕንፃ፣ የመንገዱን ስም ታገኛለሽ፤
ያን ለታ ጋዜጣው አንቺን አወቀሽ፤ ቅደጂና ያዢው በኪስሽ።

መቼም አይተሻል፤ ለ ሞንድን በክብደቱ ነው የምለየው፣
መጽሔቱን በሽታው፤ ሳንቲሙንም በጠርዙ ነው የማየው።
ካለፈው ፋሲካ ወዲህ የዓይኔ መሃሉ ጨለመ፤
ፊደል ሁሉ ሰመጠ፤ ነጩ ኅዳግ ብቻ ዳር ዳሩን ቆመ።
ከሐኪሙ በቀር ማንም አያውቅም። ቴዎፊልም።

እና ያንን ከላይ ያለውን አንሺ፤ ተንተባተቢ፣ ግድ የለም፤
«ር»ን እንደ አገርሽ አንከባልዪ፤ እኔን አያስቀይምም።
ከየት እንደምትጀምሪ? ከጦርነቱ አይሁን፣ ከምርጫውም፤
የአየሩን ጠባይ ፈልጊልኝ።
ዣንጥላ ይዘሽ አልመጣሽም።
ነገስ፣ ይዘንባል ይላል?