መቀናጆ

ዳልቻ የኔ ነው፣ ቡሬ የሙሄ ነው፤
ባለ አንድ ባለ አንድ በሬ ነን፣ ጎረቤት፤
ሰባት ዓመት ሙሉ አቀናጅተን አረስን፣
ሰኞ የሱን ማሳ፣ ማክሰኞ የኔን መሬት።

ዘምዘም፣ የሙሄ ልጅ፣ ከጅዳ ስትመለስ
ባንድ ፌስታል ልብስ፣
ቀበሌው ደጃፉን በገመድ አጠረው፤
«አሥራ አራት ቀን ሙሉ ማንም እንዳይወጣ!»
በልጉም ያን ሰሞን ነው ጠብ ጠብ ሲል የመጣ።

«ሁለት ሜትር ራቁ» ይላል ድምፅ ማጉያው
ከጤና ጣቢያው መኪና።
እኔ ሜትር አላውቅም፤ በሞፈር ለካሁት፣
ሞፈሩ ተረፈና።
ሰውስ ይራራቃል፤
ቀንበር ግን ምን ያውቃል?
ሁለት አንገት ካልገባው እንጨት ነው፣ ማገዶ፤
መሬት አይታረስም ባንድ በሬ ተገዶ።

ሙሄ ባጥሩ ቀዳዳ ቡሬን ለቀቀልኝ፣
አፉን በፎጣው ሸፍኖ፣
«ያንተን ስትጨርስ የኔን ትሞክርልኝ» አለኝ።
ጅጌ ልጥራ ብዬ፣ ጅጌ ተከልክሏል፤
ወንፈል ልበል ብዬ፣ ወንፈልም ተፈርቷል።
የይማም እናት ሲሞቱ ቅሬው ባምስት ሰው ቀበረ።
ባምስት ሰው! ግራና እንዲህ ያለ ቀብር አይቶ አያውቅም ነበረ።
ብቻዬን ዞርኩበት፤
ባንድ እጄ እርፉን ይዤ፣ በሌላው ማሽላውን በተንኩበት።

ሽንኩርቱስ?
ወንዙ ዳር፣ በዱቤ ማዳበሪያ ያሳደግነው?
አይሱዙው ከደሴ ቀረ፤ ነጋዴውም ስልኩን ዘጋው።
«ኬላ አለ፣ ሆቴሉም ተዘግቷል» ይላል ደላላው፣
«በኪሎ ሁለት ብር»፤ የለቃሚ እንኳ አይሞላው።
ደሴ ላይ ሽንኩርት ጠፋ፣ ዋጋው ጣራ ነካ አሉ፤
እዚህ ለፍየል ዘረገፍን፣ ፍየሎቹም እንቢ አሉ።
ሌሊት ሽታው በመስኮት ይገባል፤
ሚስቴ ዐይኗን በነጠላ ጫፍ ትይዛለች።
ሽንኩርት ሳይከተፍ ሲያስለቅስ አየሁ።

ባሥራ አምስተኛው ቀን ገመዱ ተቆረጠ።
ማንም አልታመመም፤ ያላዛር፣ ያላስነጠሰ፣
ዘምዘምም ወጣች፣ ቀጭን፣ ከፀሐይ የተጣላች።
በየወሩ የምትልከው ብር ግን ከጅዳ አልተከተላትም።
ሙሄ እኔ ደጅ መጣ፣ ከሞፈሩ ርቆ ቆመ፤
ገመድ በእጁ ይዞ፣ መሬት መሬት እያየ፣
«ቡሬን ልወስደው ነው» አለ፣ «መርሳ ድረስ።»
ሌላ አላለም። እኔም አልጠየቅሁም፤
አሥራ አራት ቀን ምን እንደበሉ አውቃለሁ።

የኔ ማሳ ዘር ይዟል።
የሱ ግማሹ ጦም ነው፣
እንደ ነገ እንደ ነገ ስል ሁለት ጥማድ ቀርቶኝ።
የኔን ማስቀደሜ
(እሱ ራሱ ነው ያለው፣ ግን)
እስካሁን ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ጧት ዳልቻን ላወጣው ስሄድ
ቀንበሩ አጠገብ ቆሟል፣
እንደ ልማዱ በቀኝ በኩል፤
ግራውን ትቶለታል።