ሦስት ደቂቃ ከአርባ

እንዬ ፍላሹን አመጣች፣ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ፣
አባቷ ካረፉ ሠላሳ ቀን ቆጥራ።
«ሦስት ደቂቃ ነው፣ ሰከንዱ አርባ፤
ለአርባቸው ይድረስልኝ፤ ዋሽንት ይግባ፣
ያየው ሰው በሙሉ እንዲያነባ።»

እሺ አልኋት። ለማን እምቢ ልበል?
ቀን የምሸጠው የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና ኬብል፤
ማታ ግን ሳሙና በር፣ በዚች በኪራይ ክፍል፣
ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅዬ፣
ፍራሼን በሩ ላይ አቁሜ፣ «ስቱዲዮ ነው» ብዬ፣
የሰው ቪዲዮ አሞቃለሁ፦ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና።
ለሞተ ሰው ሠርቼ አላውቅምና
እጄን ታጠብሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ምስሉ ከላይ ሆነ፣ ከሥሩ የድምፁ መስመር፣
ነፋስ የበዛበት፣ የተንጨፈረረ እንደ እሾህ አጥር።
ከኋላ ነው የቀረጸቻቸው። አቶ ስጦታው አናጢው
ሱቁን ለመጨረሻ ቆልፈው፣ ቁልፉን ከኪስ ሲከቱ፣
ዳገቱን ሲጀምሩት፣ አንዱን እግር ረግጠው አንዱን ሲጎትቱ፤
ግራው አንካሳ ነው፤ ወራጅ የወደቀበት፣
የማን ቤት ጣሪያ እንደነበር ባለቤቱ የረሳበት።

ዋሽንት ከኪቦርዱ አወጣሁ። ሰባት ጊዜ ሞከርሁ።
በአምባሰል ጀመርሁት፣ በባቲ ሰበርሁ፤
እርሳቸው ግን አልገቡልኝም።
ሜትሮኖሙ «ጧ» ሲል እግራቸው ዘግይቶ ያርፋል፤
ፍጥነቱን ስቀንስላቸው እግራቸው ቀድሞ ያልፋል።
ስድሳ አልሁ፣ ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ሁለት ተኩል፤
ሰውዬው በክንድ የለኩ ናቸው፣ ማን በቁጥር ይችላቸዋል?

ሌሊቱም አላገዘኝ። ማይኩ የሰማውን ሁሉ ይቀዳል፦
የባጃጅ ጡሩምባ፣ የጎረቤት ውሻ፣
ከአጣጣሚ በኩል የማኅሌቱ ጸናጽል በብርድ ልብሱ ሰርጎ ይገባል።

ተውሁት። ሜትሮኖሙን ዘጋሁት።
ጣቴን ከጠረጴዛው አኑሬ እግራቸውን ተከተልሁት፦
ረጅም፣ አጭር። ረጅም፣ አጭር። ረጅም፣
ለካስ ችክችካ ኖሯል! ስንት ሰርግ ያሞቅሁበት፣
ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ዳገት የወጡበት።

ከበሮ ለአርባ አይሆንም። ካልጋዬ ሥር ጣውላ ሳብሁና
በመዶሻ እጀታ መታሁት፣ ቀስ ብዬ፤ አከራዬ ተኝተዋልና።
ዋሽንቱን ሰረዝሁት።

ሁለት ደቂቃ ከስድስት ላይ ይቆማሉ።
ይዞራሉ። ልጃቸውን ያያሉ።
አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ነፋሱ ቃሉን በልቶታል።
«እዚህ ጋ ዋሽንቱን ከፍ አርገው» ብላኝ ነበር፤ «መርቀውኝ ይሆናል።»
ነፋሱን እንደ ሽንኩርት ላጥሁት፣
ታችኛውን ድምፅ ቆርጬ፣ የላዩን አንሥቼ፣
እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጆሮዬን በማዳመጫ ዘግቼ፤
በመጨረሻ ሰማኋቸው፣ አጠገቤ እንደ ቆመ ሰው፦
«ዝጊው ልጄ፤ ተቤት ሳንደርስ ባትሪሽን ጨረስሽው።»

ምርቃት አይደለም። ወይስ ነው?
አሥራ አንድ ሰከንድ ባዶ ተውሁ፤ ጣውላው ዝም፣ እኔም ዝም፤
ከዚያ ወዲያ የሚገባ ሙዚቃ ፈልጌ አላገኘሁም።

ቅዳሜ መጣች። ማዳመጫውን በሻሿ ላይ አጠለቀች።
ዳገቱ ላይ ዝም አለች። መዞሪያው ላይ ሳቀች።
አፏን በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣
«ሁልጊዜ ባትሪ! ሁልጊዜ ባትሪ!» እያለች።
መልሳ ሰማችው። ደግማ ሰማችው። ባራተኛው
መብራት ሄደ። መንደሩ ጨለመ፤ ላፕቶፑ ግን አልጠፋም፤
ማዕዘኑ ላይ ዘጠኝ በመቶ ይላል። እሷም እኔም አልዘጋነውም።

«ስንት ልስጥህ?» አለችኝ ከጨለማው ውስጥ።
«የሦስት ደቂቃ ከሃያ ዘጠኝ» አልኋት፤
«አሥራ አንዷን አልሸጥ።»