ለጊዜው

በየአሥራ ዘጠኝ ሰዓቱ
ከሦስተኛው ፓምፕ ሥር፣ ከውስጥ ካንጀቱ፣
"ቋ!" ይላል አንድ ነገር፤
እንግዳ ይመስል ደጅ መትቶ የማይናገር።

ደጅ? ከደጃችን ወዲያ ምን አለ? ጨለማ።
ወደብ ሠላሳ ዓመት ይቀራል፣ የላክነው መልእክት ገና አልተሰማ።

ኮምፒዩተሩን ጠየቅነው፣ "ሁሉም ደኅና" አለ፤
መብራቱ አረንጓዴ፣ ቀይ የሚባል የለ።
ዪርሳ ሦስት ሌሊት ቁጥር ደረደረች፣
ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ ንዝረቱን ቀመረች፤
ስሌቱ ሲመለስ "ስህተት የለም" አለ።
"ታዲያ እኔ ነኝ እንዴ ያመመኝ?" ብላ
ከቧንቧው ሥር ቁጭ አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።
(እኔም እንዳላየ ሆኜ
መፍቻዎቹን በቁመት ደረደርኩ፣ ደግሜ አፍርሼ ደረደርኩ።)

ሳቅታጋን መጣ።
ስሙ ውስጥ ሳቅ አለ፣ ከፊቱ ግን የለም፤
ግራ ጆሮውን ቫልቭ ሲፈነዳ ወስዶበታል፣ በዚያ በኩል አይሰማም።
ካቻቢቴውን አወጣ፤
ጫፉን ከቧንቧው፣ እጀታውን ከደኅናው ጆሮ አኖረ፤
በሰባ ዓመቱ ተንበርክኮ ሲያዳምጥ አደረ።
ሻይ ወሰድንለት፣ ቀዘቀዘ፤
"ቋ!" ሲል ግን ጣቱ ተመዘዘ፦
"እዚህ ጋ። ክፈቱ።"

ስድስት ብሎን ፈታን፣ ስድስት ዳዶ፤
ጎሚኒው እንደ አሮጌ ቆዳ ደርቆ፣ ተቀዶ፤
ክዳኑን ስናነሣ
ማንኪያ።
አዎ፣ የሾርባ ማንኪያ።
አንገቱ ታጥፎ፣ በሽቦ ታስሮ፣
በተሰበረ ብሎን ቦታ ተሰክቶ
የፓምፑን ክንድ ተሸክሞ ኖሮ!
መርከቢቱ ዙሯን ጨርሳ ስትገለበጥ
ክብደቱ ሁሉ እሱ ላይ ሲቀመጥ፣
ያኔ ነው የሚጮኸው። እኔም ብሆን እጮሃለሁ።

ከጎኑ በምስማር የተጫሩ ቃላት፣ ፊደላቸው ጠባብ፤
ዪርሳ በባትሪ አብርታ ጀመረች ማንበብ፦
"ብሎን አልቋል። ማንኪያ አስገባሁ። ለጊዜው ነው።
ወደብ ስንደርስ በደንቡ ይሠራ። ሊዋይዋይ።"
ቀኑም አለ፤ አርባ አንድ ዓመቱ ነው።

ለጊዜው!
በዚች "ለጊዜው" ላይ ስንቱ ተወለደ፣
ስንቱ ተዳረባት፣ ስንቱ ተካካደ፣
ስንቱ ሌሊት እግሩን ዘርግቶ አንኮራፋ።
የራሴም እናት በዚች ማንኪያ ላይ ነው ያማጠችኝ፣
ማንም አልነገራት።

"ሊዋይዋይ ማን ናት?" አለች ዪርሳ።
ሳቅታጋን ካቻቢቴውን በልብሱ ጫፍ ወለወለ፣
ደግሞ ወለወለ።
"ሁለተኛ ፈረቃ ነበረች፤ እኔ ያኔ ጎረምሳ።
አንድ ማታ እራት ላይ ሾርባዋን
ከሳሕኑ ከንፈር ስትጠጣ አየኋት፤
'ማንኪያ አታውቂም?' ብዬ ሰው ሁሉ ፊት ሳቅኩባት።
አልመለሰችልኝም። ጠጥታ፣ አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ፣
ወደ ፈረቃዋ ሄደች።"

ዝም አልን። ፓምፑ ብቻ ተነፈሰ።
"ብሎን እናትም" አለች ዪርሳ በመጨረሻ።
ማተሚያው ብረት ከጨረሰ ዘጠኝ ዓመቱ፤
ታውቃለች፤ ግን መጠየቅ ነበረባት፣ ለወጉ።
ሽማግሌው ከደረት ኪሱ
የራሱን አወጣ፤ ያረጀ፣ አፉ የሳሳ።
አንገቱን እኔ አጠፍኩ፣ ሽቦውን ዪርሳ አጠበቀች፤
ከድሮው ጽሑፍ ሥር ቀኑን ጫረች፣ ከዚያ ቆም ብላ
"ምን ልበል?" አለች።
"ያው" አላት ሳቅታጋን፣
"ለጊዜው በይ።"

አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን። ሃያ።
አልጮኸም።
እኔ ግን ሰዓቱ ሲደርስ እስካሁን ከእንቅልፌ እነቃለሁ።

ዓርብ ማታ የማዕድ ቤቱ ኃላፊ ፓኦራ
ዕቃ ቆጠረ፣ ሹካ፣ ቢላ፣ ኩባያ በተራ።
መዝገቡ ላይ ከሱ በፊት ከነበሩት ጀምሮ
"አንድ ማንኪያ ጎድሏል" የሚል መስመር አለ፤
አርባ አንድ ዓመት ከገጽ ወደ ገጽ ሲገለበጥ የኖረ።
ሰረዘው። "ሁለት" ብሎ ጻፈ፤
ቀና ብሎ ወደ እኛ ገበታ አየ።

አቀርቅረን ሾርባችንን ጠጣን፤
ሳቅታጋን ከሳሕኑ ከንፈር።