የደረጃ መብራት

የአሽዶዱ አለቃ «ከእሁድ ጀምሮ ሐይፋ ነሽ» ሲለኝ፣
ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ብርድ ልብስ ነበረኝ።
የአክስቴ ልጅ ትርፌ ቅርያት አታ ላይ ሶፋዋን ዘረጋች፤
«ቤት እስክታገኚ» አለች፤ እስከ መቼ እንደሆን ግን በሆዷ ያዘች።

ቅርያት መላኪ ላለችው እማዬ፣ ከተማው ተራራ ነው ብላት፣
ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብላ ከፋፈለችልኝ ያላየችውን መሬት።
«ደጋውን ያዢ ልጄ፤ ቆላ ወባ አለው።»
«ወባ የለም እማዬ።»
«ኪራይስ?»
ዝም አልኩ። ወባው እሱ ነው።

ደጋው ካርሜል ነው፤ ጥድ ይሸታል፣ ባሕሩ ከእግር ሥር እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤
የአንዲት ክፍል ኪራይ ግን ደመወዜን ግማሹን ጎርሶ ለቀሪው አፉን ከፍቷል።
በስልክ «ባዶ ነው» ያሉኝ ቤት፣ ፊቴን ይዤ ስደርስ ተይዞ ነበር፤
የተለጠፈው «ይከራያል» ገና አልተላጠም ከበር።

ቆላው ከወደቡ ሥር ነው፤ በእግር አሥር ደቂቃ፣
ግን ሌሊቱ እንደ ቀኑ፣ የጭነት መኪና ሲያጓራ የነቃ።
ኮንቴይነር ሳነሣ፣ ኮንቴይነር ሳወርድ ውዬ፣
በሕልሜም ብረት ልሸከም? ተውኩት፣ ይቅርብኝ ብዬ።

ወንድሜ ዮኤል ሠንጠረዥ ልኮልኛል፤
ለአውቶቡስ፣ ለሱቅ፣ ለፀሐይ፣ ለእርጥበት ነጥብ ያሰጣል።
ከሁሉ በላይ በቀይ የጻፈው፦ «ሲረኑ ጮኾ ሳይጨርስ፣
ስንት እርምጃ ነው ከአልጋሽ መጠለያው ድረስ?»

«የእኛ ሰው ያለበት ግቢ» ትላለች ትርፌ፣ «ለለቅሶም ለሠርግም ይቀርባል።»
«ለሐሜትም» አልኳት።
ሳቀች። «እሱስ የት ይቀራል?»

ከክሬኑ ክፍል፣ አርባ ሜትር ላይ ተቀምጬ ማታ፣
ተራራው ሲበራ አየዋለሁ፣ መስኮት በመስኮት፣ ከታች ወደ ላይ በእርጋታ።
ከዚህ ሲታይ ኪራይ የለው፣ «ዋስ አምጪ» የሚል የለው፤
ብርሃን ነው ብቻ፣ የቱ የማን እንደሆነ የማይለየው።
«ከየቱ ልግባ?» ብዬ ከታች ያለውን ኒዳልን በሬዲዮ ብጠይቀው፣
«ቤት ቀን አይታይም» አለኝ፣ «ሲመሽ ሂጂና አድምጪው።»

ሄድኩ። ሐዳር፤ ወይና ደጋው። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለው፤
ቀለሙ የተላጠ፣ የፖስታ ሳጥኑ ሦስት ዓይነት ፊደል ያለው።
ማብሪያውን ተጫንኩ። ወጣሁ።
አንደኛ፦ የተጠበሰ ሽንኩርት። ሁለተኛ፦ የሕፃን ልቅሶ፣ የአረብኛ ዜና።
ሦስተኛው ላይ ስደርስ
ጠፋ። እጄ ግድግዳ ላይ፣ እግሬ አየር ላይ ቀረና
ቆምኩ።

ከላይ በር ሲጢጥ አለ፣ ነጠላ ጫማ ተጎተተ፣ ቀጭ!
በራ።
ቆሻሻ ልትጥል የወጣች ባልቴት ናት፤ ለእኔ ብላ አይደለም።
በሩስኛ በተከለሰ ዕብራይስጥ «ሁሌ እዚህ ጋ ይሞታል» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ያን ማታ ፈረምኩ።
መጠለያው ስልሳ አንድ እርምጃ፤ የዮኤል ሠንጠረዥ ከአሥር ስድስት ሰጠልኝ።
እማዬ «ከዚያ ሁሉ መርጠሽ ለምን እሱን?» ብትለኝ፣
«ሰው አለበት» ከማለት ሌላ መልስ ጠፋኝ።

ይኸው አራት ወር። ፋይና ሰላም አትለኝም፤
በጫማዬ ኮቴ ታማርራለች፣ ግድግዳ በመጥረጊያ መደብደብ አይደክማትም።
መብራቱም እዚያው ይሞታል። አንዳንዴ ከላይ ቀጭ ይላል፣ አንዳንዴ ምንም።
በጨለማው እወጣለሁ፤ እግሬ ለምዶታል፤
ከሦስተኛው እስከ አራተኛው
አሥራ ሰባት ነው፤ የመጨረሻው ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ይላል።