ደቻቱ ማኅተም የለውም

ከዚራን አለፍኩት በጥላ በጥላ፣ ግንቡን ተጠግቼ፣
የአርባ ዓመት ደረሰኝ በፌስታል ከትቼ።
ገና ሁለት ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ ግን ከወዲሁ ይጋረፋል፤
መስኮት ቁጥር አራት ፊት አሥራ አንድ ሰው ተሰልፏል።
ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ነፋስ ግን አያመጣ፤
ድንጋይ ያልተጫነው ፎርም ነው ብድግ የሚለው፣ በመስኮት ሊወጣ።

«ስም?»
«ስታማቲያ ካራያኒስ።»
«የአባት ብቻ አይበቃም፤ ይጨምሩልኝ የአያት።»
«ስሙ አንድ ነው፣ ልጄ» ብላትም፣ ኮምፒውተሩ ሦስት ሳጥን አለው፣
አንዱ ባዶ ከቀረ አያልፍላት።
ከወገቡ ቆረጠችው።
የለገሃርን ሰዓት በየሰኞው ሲሞላ የኖረ፣
ቢላዋ የሚፈራው አባቴ፣ በመዝገብ ላይ ካራ ሆኖ አደረ፤
አያቴም ከስም ቁራጭ፣ ያኒስ ተብሎ ተፈጠረ።

«ዜግነት?»
«ግሪክ ይላል ፓስፖርቱ። አንዴ ለዓይኔ ሕክምና ሄጄ
አሥራ አንድ ቀን ዘነበብኝ...»
አልጨረስኩም። «የውጭ ዜጋ» ብላ ጻፈች።
«ውጭ የቱ ነው፣ ዋርያ?» አልኩት ከኋላዬ የቆመውን ጉሌድን።
«ጥላ የሌለበት» አለኝ።

ግብሩ የጣሪያና የግድግዳ ነው።
ሌሎቹ ቤቶች ድሮ በአዋጅ ሄደዋል፣ አንዷ ብቻ ናት የቀረችኝ፤
ልጅቷ በጣቷ እየጠቆመች ከፋይሉ አነበበችልኝ፦
«አራት ክፍል፣ አንድ ኩሽና፤
የኋላ ግድግዳ አሥራ ሁለት ሜትር ነው የተመዘገበው።»
«የኋላውን ግድግዳ ጎርፉ ነው የወሰደው።»
በዚያ የነሐሴ ሌሊት ደረቁ ደቻቱ ድንገት ሞልቶ፣
ቋጥኝ እያንከባለለ፣ ሳያንኳኳ ገብቶ፣
ሁለት ክፍል ቀረጠኝ፤ ደረሰኝም አልሰጠኝ።
«ማስረጃ አለዎት?»
«ወንዙ እዚያው አለ፤ ሄዳችሁ ጠይቁት።»
«ወንዝ ማኅተም የለውም፣ እማማ። በቀበሌ ያጽፉት።»

ቀበሌ ሄድኩ። የዚያ ዓመት መዝገብ እሱም በጎርፍ ሄዷል አሉኝ፤
ግድግዳዬና የግድግዳዬ ወረቀት
ምስክር ሳይጠሩ አብረው ኮበለሉ።

«ባለሙያ ይምጣና ይለካ» ተባለ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።
ዘጠኝ ሰዓት! ድሬ ጉንጯን ወጥራ በምትጋደምበት!
ቀያሹ ሂርጳ የመጣው በማግስቱ ነው፣ ሜትሩን ባንገቱ ጠምጥሞ፤
ግድግዳ የነበረበትን ባዶ ረጅም ጊዜ አየው፣ ቆሞ።
ሰረዘልኝ።
ዞር ሲል ደግሞ ዳሴን አያት፣ ከጆንያ የሰፋኋትን፣
ከሰዓት በኋላ የምቀመጥባትን።
«ይህስ?»
«ጆንያ ነው።»
«ጥላ ከጣለ ጣሪያ ነው» ብሎ መዘገባት።
«እንግዲያ ሮቃውስ?» አልኩት። ዛፉን ቀና ብሎ አየ፤
እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እንደ ዝንብ ቆየ።
«እሱን አላየሁም» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ግድግዳው ቢሰረዝ፣ ጆንያው ተተካ፤
ስድስት ቀን ተመላልሼ ግብሬ በዘጠኝ ብር አድጓል ለካ።
ከፈልኩ። ወይን ጠጁ ማኅተም አረፈበት።
ዜግነት በሚለው መስመር ላይ ቀለሙ አልቆ ኖሮ
ፕሪንተሩ ባዶውን አልፎታል። አላነሳሁባትም።

የወንድሜ ልጅ ከፒሬየስ በየወሩ ይደውላል፤ «ሽጪውና ነይ» ይለኛል፤
መቼ ብሎ ግን ጠይቆኝ አያውቅም።
ይህች ልጅ ደረሰኙን በመስኮቱ አሳልፋ፣
«ለከርሞ፣ ሐምሌ እንደገባ ይምጡ፣ ወረፋ ሳይበዛ» አለችኝ፣
ከርሞን እንደ ነገ አቅልላ።

ሰማንያ ሁለት ይሞላኛል።
ደረሰኙን ከአርባዎቹ ጋር ከተትኩት።
በጊዜ መነሳት አለብኝ፣
ጥላው ከግንቡ ሳይለቅ።